የባለቤቴ ሞተር ክብደት

ቅዳሜ 2

ተመረጥኩ! አሥራ አራቱም እጃቸውን አወጡ። ከዛሬ ጀምሮ የጀልባ ክለባችን የዕቃ ደንብ አውጪ እኔ ነኝ። ደንቡን ማውጣት ብቻ አይደለም፤ በውድድር ቀን ጠረጴዛ ዘርግቼ፣ እያንዳንዷን ጀልባ ለክቼና መዝኜ «ታልፋለች»፣ «አታልፍም» የምለውም እኔው ነኝ። ሊቀመንበሩ፣ ያ መነጽር ቤት ያላቸው፣ «ሃያ ሁለት ዓመት ፖስታ ቤት እሽግ ስትመዝን የኖረች ሴት አጠገባችን እያለች ሌላ ማን ፍለጋ እንሄዳለን?» አሉ። ፊቴ ቲማቲም መሰለ መሰለኝ። የባለቤቴ እጅ ከሁሉም መጨረሻ ነው የወጣው፤ ወገቡን ስለሚያመው ይሆናል።

ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት። «የምን ጀልባ ነው እሱ ደግሞ?» አለች። ክንድ የምታህል ጀልባ፣ ባትሪና ሞተር ያላት፣ ሰውየው ዳር ቆሞ በሪሞት የሚነዳት። ፓርኩ ውስጥ ባለው ኩሬ ላይ ሦስት ቢጫ ተንሳፋፊ እናስቀምጣለን፣ በነዚያ ዙሪያ አሥር ዙር ነው፣ ቀድማ የገባች ታሸንፋለች። «ሽማግሌዎች አሻንጉሊት ይነዳሉ በይኛ!» ብላ በሳቅ ሞተች። ትሳቅ። እሷ በሕይወቷ በሙሉ በድምፅ ተመርጣ አታውቅም።

ደንብ ያስፈለገበት ምክንያት የእኩል ምድብ ነው። ምድቡ የተቋቋመው ሁሉም ሰው ያው ሞተር፣ ያው ባትሪ ይዞ በእጁ ብቻ እንዲበላለጥ ነበር። አምና ግን የጥርስ ሐኪሙ ሁሉንም ጥሎ ይገባ ነበር። «ዕቃው ላይ አንድ ነገር አድርጓል» የማይል የለም። ሦስት ሰው በዚሁ አኩርፎ ክለቡን ለቋል።

ሰኞ 4

ሥራ ቦታ ነኝ፣ እሽጉ በዝቷል፣ በአጭሩ። በሻይ ሰዓት ቅጽ ጀርባ ላይ ደንቡን ጀመርኩ። አንደኛ፦ ርዝመቷ ከስልሳ ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ሁለተኛ፦ ባትሪ የሁሉም አንድ ዓይነት። ሦስተኛ፦ ከኋላ የሚገፋት ፕሮፔለር ፕላስቲክ ብቻ፣ የብረቱ ጣት ይቆርጣል። አራተኛ፦ ሞተር

ሰው መጣ።

ረቡዕ 6

እራት ጠረጴዛው ላይ እኔ በዚህ ጫፍ ደንቤን፣ እሱ በዚያ ጫፍ ጀልባውን። ደስ የሚል ምሽት ነበር። ያፏጫል! ወርክሾፑን ከዘጋ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፣ ሲያፏጭ የሰማሁት ከዚያ ወዲህ ዘንድሮ ነው። ሠላሳ ዓመት የተቃጠለ ሞተር እየፈታ፣ አሮጌውን ሽቦ አውጥቶ በእጁ አዲስ ሲጠቀልል ኖሮ፣ አንድ ቀን ሰው ሁሉ ተነጋግሮ እንደተስማማ ሆነና የተቃጠለውን ጥሎ አዲስ መግዛት ጀመረ። የመጨረሻዎቹን ወራት በሩን ከፍቶ ሬዲዮ ሲሰማ ነበር የሚውለው። ያን ጊዜ ጀልባው ባይኖር ምን እንሆን ነበር እላለሁ።

ሌሎቹ ለጀልባቸው ስም አውጥተዋል። የጥርስ ሐኪሙ «መንጋጋ»፣ ጡረተኛዋ መምህርት «ጠመኔ»፣ ባለ ታክሲው «ኮንትራት»። የእኛዋ ስም የላትም። «ጀልባ ናት፣ ጀልባ ትባላለች» ይላል።

ከወንበሩ ሥር የመዳብ ሽቦ ቁርጥራጭ ጠረግኩ። ቤቱም ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል። አሮጌ ዕቃውን እያስተካከለ ነው መሰለኝ።

ቅዳሜ 9

የመጀመሪያ ልኬቴ። ሜትሬን ይዤ ኮራ ብዬ ተቀመጥኩ፣ የመጀመሪያዋ ጀልባ የመምህርቷ ሆነች፣ እሷም ስልሳ አንድ ሆና አረፈችው!

«ላስቲኩን ለክተሽ ነው እኮ» አሉ መምህርቷ። የጀልባዋ አፍንጫ ላይ፣ ከዳር ስትጋጭ እንዳትሰነጠቅ፣ ጥቁር ላስቲክ ለጥፈውባታል። «ላስቲክ ጀልባ አይደለም።»

«ጀልባዋ ላይ ካለ ጀልባ ነው» አለ ባለ ታክሲው።

«ባርኔጣህ አንተ ነህ?»

«ቆይ፣ እንግዲያው እኔም አንድ ሜትር ላስቲክ እለጥፋለሁ። እኔ ኋላ ልቅር፣ አፍንጫዬ ቀድሞ ይግባ!»

«አንተ መጀመሪያ ታክሲህ ላይ ለጥፍ፣ የሰው በር ገጭተህ ሳትጨርስ።»

ግማሽ ሰዓት ተከራከርን፣ ሳቁን ሳልቆጥር። በመጨረሻ ወሰንኩ፤ ላስቲኩ ከሁለት ሴንቲ ሜትር እስካልበለጠ ርዝመት ውስጥ አይገባም፣ መግቢያው መስመር ላይም አይቆጠርም። ሁሉም «ልክ ነው» አሉ። ልክ ነው መባል እንዴት ደስ ይላል!

በውድድሩ ባለቤቴ አንደኛ ወጣ፣ ሦስተኛው ነው በተከታታይ። የጥርስ ሐኪሙ ሁለተኛ። ባለ ታክሲው ባለቤቴን አቅፎ ከመሬት አነሳውና «ይሄ ነው ልምድ ማለት፣ ጋሼ!» አለ። አምና የጥርስ ሐኪሙ በዚያው ያህል ርቀት ሲቀድም «ይሄ ነው ሌብነት ማለት» ያለው ይኸው ሰው ነው። ትዝ ስላለኝ ጻፍኩት እንጂ ምንም ለማለት አይደለም።

ማክሰኞ 12

ሐሳብ መጣልኝ! አንድ ሰውዬ ካርቶን አምጥቶ «መጽሐፍ ነው» አለኝ። ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጠው መጽሐፍ እንዳልሆነ ገባኝ፤ የዚያ መጠን መጽሐፍ ስንት እንደሚመዝን እጄ ያውቀዋል። ሳልከፍት ነው ያወቅኩት። ሞተርም እንደዚያ ነው! ሽፋኑ የፋብሪካ ነው፣ ከላይ ተለጣፊ ወረቀት አለው፣ እስካሁን የምናየው ወረቀቱን ብቻ ነበር። ውስጡን የነካካ ሰው ግን ክብደቱን መለወጡ አይቀርም። ሁሉንም እመዝናለሁ፣ ልክ አወጣለሁ፣ አለቀ።

እራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት። ማንኪያው አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«ሞተር በክብደት አይታወቅም» አለ።

«ለምን?»

«አይታወቅም አልኩሽ እኮ።»

«እሺ፣ ለምን እንደማይታወቅ ንገረኝ።»

«ብይ፣ ይቀዘቅዝብሻል።»

ሠላሳ ዓመት ከሞተር ጋር የኖረ ሰው ነው፣ ያውቅ ይሆናል። እኔም ግን ከሚዛን ጋር ኖሬያለሁ።

ቅዳሜ 16

አሥራ ሦስት ሞተር መዘንኩ። ባለቤቴን ወገቡ ይዞት ቀረ። አለቃዬን ለምኜ ከሥራ ቦታ የተዋስኩትን ሚዛን ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጬ እንደ ሐኪም አንድ በአንድ ተቀበልኩ። የመምህርቷ 157። የባለ ታክሲው 159። የጥርስ ሐኪሙ ተራ ሲደርስ ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

158።

«ሚዛኑን እስቲ ነካ ያድርጉት፣ እትዬ» አለ ባለ ታክሲው።

«ሚዛን በጥፊ አይታረምም» አልኩት።

ከ157 ያነሰ ከ159 የበለጠ አንድም የለም። እንዴት ያምራል! ከዚያ ሰው ሲበተን የጥርስ ሐኪሙን «ታዲያ እንዴት ነው የምትቀድመው?» አልኩት፣ አላስችል ብሎኝ። ጠዋት ጠዋት ክሊኒኩን ሳይከፍት መጥቶ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ኩሬው ላይ አንሳፍፎ መታጠፍ ይለማመዳል። በየቀኑ ሃምሳ ጊዜ። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም እኮ፣ እትዬ» አለ። ዓመት ሙሉ ስሙን ያላነሳንበት ቀን የለም፣ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር።

እሁድ 17

ባለቤቴ ወገቡ ተሽሎት ወጣ ብሏል። የቀረው የእኛዋ ሞተር ብቻ ስለነበር ፈትቼ መዘንኩት።

171።

171።

171።

ልብስ አጠብኩ።

ሰኞ 18

ሚዛን ማረጋገጫዋን ብረት፣ የሁለት መቶ ግራሟን፣ ከመሥሪያ ቤት ይዤ መጣሁ። ሚዛኑ 200 አለ፣ ልክ። የእራት ጠረጴዛችን ዘመም ያለ ስለሆነ ይሆናል ብዬ ወለሉ ላይ አድርጌ ሞተሩን ደገምኩት። 171። ወለሉም ዘመም ያለ መሆን አለበት።

ዛሬም ሲያፏጭ ነበር።

ሐሙስ 21

ደንቡን ጨረስኩ። አራተኛው እንዲህ ይላል፦ «ሞተሩ ያልተከፈተ መሆን አለበት፤ ክብደቱም ከ175 ግራም መብለጥ የለበትም።» ሰፋ ብሎ ቢቀመጥ ምን ይጎዳል? ሚዛን ከሚዛን ይለያያል፣ አየሩም እርጥበት አለው። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ገልብጬዋለሁ። ከዚህ በፊት በሥራዬ አንድ ግራም ለሰው ጨምሬ አላውቅም። ይህ ግን ሥራ አይደለም፣ ጨዋታ ነው።

ቅዳሜ 23

ደክሞኛል፣ ግን ልጻፍና ይውጣልኝ።

ደንቡን ቆሜ አነበብኩ። አራተኛው ላይ የጥርስ ሐኪሙ እጁን አወጣ። «ይቅርታ እትዬ፣ አሥራ ሦስቱም ከ159 አልበለጡም። 175 አልበዛም?»

«የሚዛን ልዩነት የሚባል ነገር አለ» አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«እሺ፣ እርስዎ ካሉ» ብሎ ከሁሉም ቀድሞ ፈረመ።

ባለቤቴ ኩሬውን ያያል። ከዚያ እሱም ፈረመ።

ጀልባዎቹ ሁሉ አለፉ። የእኛዋ ስትመዘን ቁጥሩን ጮክ ብዬ አላነበብኩም፤ «ታልፋለች» ብቻ አልኩ። ዛሬ ግን የጥርስ ሐኪሙ ቀደመ። ሁለተኛው ማዞሪያ ላይ ባለቤቴ ሰፋ አድርጎ ሲዞር እሱ ተንሳፋፊውን ልሶ አለፈ፣ ግማሽ ጀልባ ያህል ቀድሞ ገባ። አሁን ሳስበው ማጨብጨብ ነበረብን።

«ይከፈት!» አለ ባለ ታክሲው።

«ክብደቱ እኮ ልክ ነው» አልኩ።

«ክብደቱ ልክ ከሆነ ነገሩ ውስጡ ነዋ! ጋሼን ቀድሞ? ይከፈት!»

ሁለት ሦስት ሰው «ይከፈት» አለ። ከዚያ አሥሩም። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን እየጠራረጉ «ካልከፋህ…» አሉት። የጥርስ ሐኪሙ ጀልባውን አንስቶ ሞተሩን በራሱ እጅ ፈታና ሰጠ። «ክፈቱት» አለ።

ባለ ታክሲው በጠፍጣፋ መፍቻ ከፈተው። መክፈት ከተባለ። ሽፋኑን አጎበጠው፣ ሲጎትተው ሽቦው አብሮ ተበጠሰ። ውስጡ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ደግሞ ከመካከላችን አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይዩልን» ተባለ።

ባለቤቴ ተቀበለው። አገላበጠው። ወደ ብርሃኑ ዞር አድርጎ ሽቦውን በጥፍሩ ነካ አደረገ። ብዙ ቆየ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ነጩን ጨርቅ አጣጥፋለሁ፣ መልሼ እዘረጋለሁ።

«ከፋብሪካ እንደወጣ ነው» አለ። «ማንም አልነካውም።»

መምህርቷ ብቻ «በል እንግዲህ፣ ይቅርታ በለው» አሉት ለባለ ታክሲው። እሱም «ቀልድ ነው እኮ፣ ዶክተር» አለ። የጥርስ ሐኪሙ የተሰባበረውን ለቃቅሞ መሐረቡ ውስጥ አስገባ፣ ጀልባውን ብብቱ ሥር አድርጎ ሄደ።

መንገዱን ሁለታችንም በእግራችን ነው የመጣነው። ባለቤቴ ስለ አየሩ አወራ። እኔም ስለ አየሩ መለስኩ። እኔ፣ አፌ የማያርፈው! አንድ ቃል ነበር የሚበቃው፣ «አትክፈቱት፣ ጥፋቱ እሱ ጋ አይደለም»። እኔ ግን ጨርቅ አጣጥፍ ነበር።

ማክሰኞ 26

የጥርስ ሐኪሙ መስኮቴ ላይ መጣ። ለካስ ለሞተሩ ፋብሪካ ደብዳቤ ሊልክ ነው። ያ ዓይነት ሞተር ከሱቅ ጠፍቷል፤ ፋብሪካው ቢኖረው እንኳ እስኪደርስ ስድስት ሳምንት ነው። የመጨረሻው ውድድር ደግሞ የሚመጣው ወር ሰባት።

«እንግዲህ ዘንድሮ አበቃልኝ» አለ። «ምናልባትም ለዘለቄታው። ሚስቴ ሰው በሌባነት ከሚያይህ ቦታ ምን ታደርጋለህ ትለኛለች።»

«አንተን የሚያህል ሰው…» ብዬ ጀመርኩ፣ መጨረስ አቃተኝ።

«እርስዎ ብቻ ነዎት በክፉ ዓይን ያላዩኝ» አለ፣ ማኅተም ሳደርግ። «መዝነው ልክ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት። አልረሳውም።»

ማኅተሙን ቴምብሩ ላይ ሳይሆን አድራሻው ላይ መትቼዋለሁ። ሌላ ፖስታ ሰጠሁት፣ እንደገና ጻፈ።

ረቡዕ 27

ከሥራ ስወጣ መነጽር ቤቱ ሄድኩ። ሊቀመንበሩን «አራተኛው ደንብ 160 ይሁን» አልኳቸው።

«175 ያልሽው?»

«ተሳስቼ ነበር።»

«ምን ላይ?»

«አሥራ አምስት ግራም ላይ።»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ትኩር ብለው አዩኝ፤ ያለ መነጽር ምን እንደሚታያቸው እንጃ። ከዚያ «ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ» አሉ።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም። መንገር ነበረብኝ። ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሦስቴም «ሻይ ትፈልጋለህ?» አልኩ። ሦስት ሻይ ጠጣ።

ቅዳሜ 30

ኩሬው እየተጸዳ ስለሆነ ውድድር የለም፣ ሰው ግን ለወሬ መጥቷል። ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት። «160» የሚለውን ከሌላው ጎላ አድርጌ ጽፌዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ባለቤቴ ከሌሎቹ ጋር ቆሞ አነበበ። አንድ ጊዜ ብቻ። ወደ እኔ አልዞረም። «ትንሽ ልራመድ» ብሎ ሄደ፣ ቤት የገባው ከእኔ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ነው።

እሁድ 1

ተነጋገርን። እንዳለ ልጻፈው።

ቁርስ ላይ ነበርን። «መቼ ነው የመዘንሽው?» አለ፣ ዳቦውን እየቆረሰ።

«የዛሬ ሁለት ሳምንት።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም አልሽ? አንቺ?»

«እኔም ገርሞኛል።»

ሊስቅ ነበር፣ ተወው። «ስንት መጣ?»

«171።»

«ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አራት ይጨምራል ብዬ ገምቼ ነበር።» ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር፣ ሰምቼዋለሁ። «ማሽን ሲጠቀልለው በሽቦና በሽቦ መካከል ክፍተት ይተዋል። እኔ ወፈር ባለ ሽቦ፣ ክፍተት ሳልተው ነው ያስተኛሁት። አንድ ላይ አንድ፣ አንድ ላይ አንድ። ብታዪው።»

«ለምን?» አልኩት። «ለዋንጫው? ዋንጫው እኮ ፕላስቲክ ነው።»

የዳቦውን ፍርፋሪ ሰበሰበ። «ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አንድ ሰው አንድ ሞተር ጠቅልልልኝ ብሎኝ አያውቅም» አለ። «አንድ። ለራሴ ጠቀለልኩ። ከዚያ ስትሮጥ አየኋት፤ ደግሜ ማየት አማረኝ። ሐኪሙ ላይ እንዲህ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።»

«ሲከፍቱት ግን ቆመህ አየህ።»

«አንቺስ?»

ዳቦውን ጨረስን። እቃውን እሱ አጠበ።

ረቡዕ 4

ባለቤቴ የሥራ ካፖርቱን ለብሶ ክሊኒኩ ሄደ። ከጥርስ ሐኪሙ ጋር በሩን ዘግተው ተነጋገሩ። ምን እንዳለው አልነገረኝም፤ እኔም፣ ይግረማችሁ፣ አልጠየቅኩም። ይዞ የተመለሰው ያንን መሐረብ ነው፣ የተሰባበረው ሞተር ውስጡ እንዳለ።

ሐሙስ 5

የሥራ ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ። የጎበጠውን ሽፋን በእንጨት መዶሻ አቃናው። ሽቦውን ከማሽኑ እኩል ቀጭን፣ ከማሽኑ እኩል ዙር፣ ከማሽኑ እኩል ክፍተት እየተወ ይጠቀልላል። ሲሳሳት የሚሳሳተው ጥሩ አድርጎ በመጠቅለል ነው። እጁ አልሰማ ብሎ ሽቦውን ጠበቅ አድርጎ ያስተኛዋል፣ ይናደዳል፣ ይፈታዋል። ሦስት ጊዜ ፈታው።

«የባሰ አድርጎ መሥራት እንዲህ ይከብዳል?» አልኩት።

«የባሰ አይደለም፣ ልክ አድርጎ መሥራት ነው የሚከብደው» አለ። «አሁን አታውሪኝ፣ እየቆጠርኩ ነው።»

አሥር ሰዓት ላይ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው። 158። ወንበሩ ላይ ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ቅዳሜ 7

የመጨረሻው ውድድር። ሰው በሰልፍ ነው፣ እኔ ከነጭ ጨርቄ ጋር። የጥርስ ሐኪሙ መጥቷል፣ ከመጨረሻ ቆሟል። ሚስቱም ከኋላው አለች፣ እጇን አጣምራ።

አምስተኛው ባለቤቴ ነበር። በሌላ ሞተር መምጣት ይችል ነበር፣ ያልተነካ መለዋወጫ ሳጥኑ ውስጥ አለው፣ አውቃለሁ። ያስቀመጠው ግን ያንኑ ነው።

«አንብቢው» አለኝ።

«171።» ድምፄ ኩሬው ማዶ ድረስ የተሰማ መሰለኝ። «አታልፍም።»

«ጻፊው።»

«ጋሼ፣ ምን እየሆኑ ነው?» አለ ባለ ታክሲው።

«ሽቦውን እኔ ነኝ የለወጥኩት» አለ ባለቤቴ፣ ሁሉም እንዲሰማ ዞሮ። «ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ። ያሸነፍኳቸው በሙሉ በዚህ ነው። ያን ቀን መከፈት የነበረበት የእኔ ነበር።»

እንግዲህ ተራዬ ደረሰ አልኩ በልቤ። ብድግ አልኩ። «175ን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «አውቄ ነው የጻፍኩት። መዝኜው ነበር።» ሌላም ብዙ ልል ነበር፣ መናገር የምወድ ሰው ነኝ፣ ግን ያን ያህል ብቻ ወጣኝ።

ባለ ታክሲው ባርኔጣውን አወለቀ። መሬቱን አየ። ከዚያ የጥርስ ሐኪሙን ለማየት ቀና ብሎ እንደገና መሬቱን አየ።

የጥርስ ሐኪሙ ሞተሩን አስቀመጠ። 158።

«ግን ተከፍቷል» አለ አንዱ ከኋላ። «ደንቡ ያልተከፈተ ይላል።»

«ማን ከፈተው?» አሉ መምህርቷ።

«የጠገነውስ ማነው?» አለ ያው ሰው።

«ጋሼ ናቸው» አለ የጥርስ ሐኪሙ።

ጉርምርምታ ሆነ። አሁን ሌብነቱን በአፉ የተናገረ ሰው የጠቀለለውን ሞተር እናሳልፍ ወይ? ጥያቄው እውነት ነው፣ ራሴም ብሆን እጠይቀዋለሁ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ «አልወስንም» አልኩ፣ «እኔ ከእንግዲህ የምወስን ሰው አይደለሁም»። ያኔ ባለ ታክሲው ነው፣ ሌላ ማንም አይደለም፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፦ «እኔ ነኝ የሰበርኩት። ይለፍ። ያልተመቸው እኔን ያናግረኝ።» እጅ ወጣ። አሥራ አንድ ለሁለት አለፈ።

ሊቀመንበሩ የቀረውን ውሳኔ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ባለቤቴ የሚቀጥለውን ዓመት ሙሉ አይወዳደርም፣ ያሸነፋቸው ይሰረዛሉ። የደንብ አውጪነቱን ደግሞ ለመምህርቷ አስረክባለሁ። ትክክል ነው። ቢሆንም ከፋኝ፤ እንዴት ያምርብኝ ነበር ያ ጠረጴዛ!

ውድድሩን ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን አየን፣ እኔና እሱ። አሥራ ሦስት ጀልባ አንድ ላይ ሲነሳ ኩሬው ሁሉ ጩኸት ሆነ። ባለቤቴ ጆሮውን አቆመ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«የትኛዋ ናት አንተ የጠቀለልካት?» አልኩት።

እስከ ሁለተኛው ዙር ድረስ አዳመጠ። ከዚያ ዓይኑን ገለጠና፣ እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ፣ «አላውቅም» አለኝ። «መለየት አቃተኝ።»